ውዳሴ ከንቱ ጆሮን ይደፍናል

ውዳሴ ከንቱ ማለት ያልሠሩትን እንደ ሠሩ፥ የሌላቸውንም እንዳላቸው አድርጎ ለሰዎች የሚነገር ባዶ ምስጋና ነው። አበው ከትዕቢት ጋራ አያይዘው የሚያስተምሩት የተወዳሹን ነፍስ ስለሚጎዳ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ ከእጁ በታች ላሉት ሁሉ ይተርፋል።

በመጽሐፈ ነገሥት ሣልስ ምዕራፍ 22 እንደምናነበው፥ ንጉሥ አክዓብ ወደ ሬማት ዘገለዓድ ሊዘምት ባሰበ ጊዜ 400 ያህል ነቢያት ድል እንደሚያደርግ በአንድ ቃል ነገሩት። የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ እውነቱን ቢናገር በግዞት ቤት ተጣለ። ንጉሡም በጦርነቱ ሞተ፤ ሠራዊቱም ያለ መሪ ተበተነ።

ከአገራችንም ታሪክ ምሳሌ አናጣም። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 80ኛ ዓመት የልደት በዓል በታላቅ ውዳሴ ተከበረ። በዚያው ክረምት በወሎ ቆላ ዝናም ታጣ፤ ራያና ቆቦ አውራጃም እጅግ ከተጎዱት አንዱ ሆነ። የራያ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየመራ እርሻውን ያጠጣል፤ ዝናም ሲጠፋ ግን ጎርፉም ይጠፋል፥ ማሽላውም ሳያፈራ ይደርቃል። በ1965 ዓ.ም. እህሉና ከብቱ ያለቀበት ሕዝብ ልጆቹን አዝሎ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው ጎዳና ዳር ወደቀ። ከሹማምንቱ የሚያውቁ ነበሩ፤ ሆኖም የመንግሥት ስም እንዳይጎድፍ ተብሎ ነገሩ ተሸፈነ። ወደ ላይ ምስጋና ሲወጣ የረኃብተኛው ጩኸት ከታች ቀረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፊልም ለዓለም ሲያሳየው ብዙ ሺሕ ሕዝብ አልቆ ነበር። ዝናሙን የከለከለ ውዳሴ ከንቱ አይደለም፤ እርዳታው በጊዜው እንዳይደርስ ካዘገዩት ግን አንዱ እርሱ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱም ያ ሁሉ ውዳሴ አላዳናቸውም።

አንባቢ ሆይ፥ ዙፋን የለኝም ብለህ ይህን ትምህርት ለሌላ አትተወው። የንስሐ ልጁን ሀብት አይቶ በደሉን በዝምታ የሚያልፍ ካህን፥ ሁሉ ሰላም ነው የሚለውን ብቻ የሚያቀርብ የደብር አስተዳዳሪ፥ ቤተ ሰቡ እውነት እንዳይነግረው የሚያስፈራ አባወራ፥ ሁሉም በየቤቱ አክዓብ ነው። እንግዲህ ራስህን እንዲህ ብለህ መርምር፤ ከእኔ በታች ካሉት መካከል የማልወደውን እውነት የነገረኝ ማን ነው? ከነገረኝስ በኋላ ምን አገኘው? መልሱ ቅጣት ወይም መራቅ ከሆነ፥ ዛሬ የምትሰማው ምስጋና የፍርሃት ድምፅ መሆኑን እወቅ። የሚነግርህ ሰው ከሌለ ደግሞ ፈልገህ ጠይቅ።

የራያ ገበሬ የማሽላውን ምርት በአገዳው ርዝመት አይገምትም፤ በአውድማ ወቅቶ ይሰፍረዋል እንጂ። አንተም የሚያሞግስህን ቃል በእውነት አውድማ ውቃው፤ ፍሬ ካለው እግዚአብሔርን አመስግን፥ ገለባ ከሆነ ለነፋስ ስጠው።

እግዚአብሔር እውነትን የምትሰማ ጆሮ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።