ሰውን ርኩስ ስለ ማለት

ጾምና ስግደት የሚያዘወትር ሰው የሚያገኘው ፈተና ከሰነፉ ሰው ፈተና ይለያል፤ የሚያሰናክለው ሥራው ራሱ ነውና። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 18 የተነገረለት ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ቀን መጾሙ ሐሰት አልነበረም። የተነቀፈው ቀራጩን ስለ ናቀ ነው። ረቡዕና ዓርብን የምንጾም እኛ ቊጥሩ ከእኛ ጋር መተካከሉን ልብ እንበል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ከባሕር ዳር መራቅ አያስፈልገንም። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለ ነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ርኩሳን ናቸው እያለ ሲሸሻቸው ኖሯል፤ በአንድ ማዕድ አይቀመጥም፥ ዕቃም አያውሳቸውም ነበር። እነርሱ ራሳቸው አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። የጉማሬው አደን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን እንደ አደኑ ፈጥኖ አልቀረም።

የሚያስደንቀውም ይህ ነው፤ ደንገሉን አጭዶ፥ አድርቆና አስሮ ታንኳ በመሥራት የታወቀው ይኸው ሕዝብ ነው። የሞተር ጀልባ ከመምጣቱ አስቀድሞ ካህኑም ተሳላሚውም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ይሻገር የነበረው በደንገል ታንኳ ነው። በታንኳው ላይ ሳይጸየፉ ተቀምጦ የሠራውን እጅ መጸየፍ በምን ሚዛን ይመዘናል?

«የአባቶቻችንን የመብል ሥርዓት ልታፈርሱ ነውን?» የሚለን ቢኖር፥ አይደለም እንላለን። ያልተፈቀደውን አለመብላት አንድ ነገር ነው፤ የበላውን ከሰው ቊጥር ማውጣት ግን ሌላ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ የታየው ራእይ ስለ እንስሳት ነበር፤ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲተረጒመው ግን ስለ ሰዎች አደረገው፥ ማንንም ርኩስ እንዳይል መማሩንም መሰከረ።

ወደ ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእን ሥዕል ያያል። ያ ሰው 78 ነፍስ ካጠፋ በኋላ፥ ለተጠማ ድውይ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ ሚዛኑ ወደ ምሕረት እንዳዘነበለለት ተአምረ ማርያም ይተርካል። በየካቲት 16 ቀን ይህን በደስታ እንሰማለን። ሰው ለበላው ሰው በተደረገው ምሕረት እየተደሰትን፥ አባቶቹ ጉማሬ በሉ ብለን ጎረቤታችንን ከደጃችን የምናርቅ ከሆንን ግን ሥዕሉን በሚገባ አላየነውም። በሐይቁ ዳር ያሉ የነፍስ አባቶችም የንስሐ ልጆቻቸውን ስለ ጾም መፍታት ሲጠይቁ፥ ለጎረቤት የውኃ መጠጫ ስለ መከልከልም ቢጠይቁ መልካም ይመስለናል።