ወደ ቁልቢ በየትኛው መንገድ እንሂድ?

እስራኤል ከግብፅ በወጡ ጊዜ እግዚአብሔር ቅርብ በሆነው በፍልስጥኤም መንገድ አልመራቸውም። ሕዝቡ ጦርነት አይቶ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አስቦላቸው እንደ ነበር በዘፀአት ምዕራፍ 13 ተጽፎአል። እኛ ግን አምና ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም ከድሬዳዋ በእግር ስንነሣ ያየነው ቅርቡን ብቻ ነበር።

ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ ያሠሩት ይህ ደብር ከድሬዳዋ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የጎዳን ግን ርቀቱ አይደለም። ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ ደንገጎ ደጋ ነው፤ በመካከላቸው ያለው አቀበት ወደ 1000 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ ያስወጣል። እኛም በቀትር ተነሣን፤ ይህ አልበቃ ብሎን የመኪናውን ጠመዝማዛ ትተን በፍየል መንገድ አቋረጥን። ብርቱዎቹ እየዘመሩ ወጡ። ደንገጎ ደርሰን ስንቆጣጠር አንዲት እኅታችን የለችም። ወንድሞች ተመልሰው ሲፈልጓት ውኃዋ አልቆ ከቋጥኝ ሥር ተቀምጣ አገኙአት። በመኪና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ስለቷንም ሳታደርስ ቀረች። «ስትዘምሩ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ግን የምጣራበት ድምፅ አጣሁ» ስትለን መልስ አልነበረንም።

ዘንድሮስ? እስከ ሐረር በመኪና ሄደን ከዚያ በእግር እንነሣ የሚሉ አሉ። ሐረር ራሷ ከፍታ ላይ ስለሆነች ያን የመሰለ አቀበት አይገጥምም፤ መንገዱም በዐወዳይና በሐረማያ ስለሚያልፍ ውኃና ማረፊያ አይቸግርም። «በመኪና የተጀመረ ጉዞ በረከቱ ይጎድላል» የሚሉ ወንድሞችም አሉን፤ እኛ ይህን አንቀበልም። ያዕቆብ እንኳ ዔሳው አብረን እንጓዝ ባለው ጊዜ በሕፃናቱና በሚያጠቡት ከብቶች እርምጃ ቀስ ብሎ መሄድን መርጦአል (ዘፍ. 33)።

ስለዚህ ብዙዎቻችን ከሐረር እንነሣለን። ከድሬዳዋ ካልሆነ የሚሉ ፀሐይ ከበረደ በኋላ በዋናው መንገድ ብቻ ይውጡ፤ የታኅሣሥ ሌሊት ደጋው ላይ ብርዱ ጽኑ ነውና ጋቢ አይርሱ። (የሐምሌ 19ኙ ጉዞ ሌላ ነው፤ በዝናብ አቋራጩ ጭቃ ስለሚሆን ጨርሶ አይታሰብም።)

ድንጋይ ተሸክሞ ለመሄድ የተሳለ ካለ አስቀድሞ ይንገረን። ያች እኅታችንም ዘንድሮ ተመዝግባለች፤ ከፊት የምትሄደው እርሷ ናት፤ እርሷን ቀድሞ የሚያልፍ አይኖርም።