ውል የሌለበት ስልክ፤ አስቦ መግዛት

ሀ. ከንባብ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።
1. በቤተሰባችሁ የስልክ ወጪ የሚሸፈነው አስቀድሞ ሂሳብ በመሙላት ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ በሚመጣ ሂሳብ? ለምን?
2. «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለገዢ ምን ዐይነት ምክር ይሰጣል?

ለ. ምንባብ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከሽቦ ተላቆ በኪስ የሚያዘው ተንቀሳቃሽ ስልክ ግን አገልግሎት መስጠት የጀመረው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. ነበር። ለረጅም ጊዜ አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለ ነበረ፣ ደንበኛው «ከማን ልግዛ?» ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራ ማኅበር ፈቃድ አግኝቶ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ሥራ ሲጀምር፣ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሁለተኛ አቅራቢ ቆመ። ምርጫ መጣ፤ ከምርጫው ጋርም አስቦ የመምረጥ ኀላፊነት መጣ።

የስልክ አገልግሎት በአከፋፈሉ በሁለት ይመደባል። የመጀመሪያው ድኅረ ክፍያ ነው። በዚህ ጊዜ ደንበኛው ውል ይፈርማል፤ በወሩ ውስጥ ይጠቀማል፤ ወሩ ሲያልቅ ይከፍላል። በአንዳንድ አገሮች እንዲህ ያለው ውል ደንበኛውን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያስረዋል። ሁለተኛው ቅድመ ክፍያ ነው። ደንበኛው በመጀመሪያ ገንዘቡን ይሞላል፤ በሞላው ልክ ይጠቀማል፤ ሲያልቅበት ወይ ይጨምራል ወይ ይተዋል። ውል ስለሌለበት ዕዳ አይጠራቀምም። ገቢያቸው መከርን ጠብቆ ለሚገኝ ገበሬዎች፣ ለቀን ሠራተኞችና ለተማሪዎች የሚስማማውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ነጻነት የራሱ ዋጋ አለው። በውል የሚጠቀም ሰው ስሕተቱን በወሩ መጨረሻ በሂሳቡ ላይ ያነበዋል፤ ቅድመ ክፍያ የሚጠቀም ሰው ግን ስሕተቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ስልኩ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ወላጆቿ የሚኖሩት ከወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ገጠር ነው። እርሷ በከተማው ቤት ተከራይታ ትማራለች። አባቷ በየቅዳሜው ገበያ ሲወጡ ስንቅ ያመጡላታል፤ ለስልክም 50 ብር ይሰጧታል። በመንደራቸው ኔትዎርክ የሚገኘው ከኮረብታው ራስ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዘወትር ሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ኮረብታውን ወጥተው የልጃቸውን ጥሪ ይጠባበቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ተማሪዋ፣ ጓደኞቿ «ርካሽ ነው» ያሏትን የአንድ ቀን የኢንተርኔት ጥቅል በ40 ብር ገዛች። መጠኑ ብዙ ነበር፤ በሰፈሯ ያለው ኔትዎርክ ግን ደካማ ነበር። ልታወርደው ካሰበችው የትምህርት ቪዲዮ ሩቡን ሳታገኝ ሃያ አራቱ ሰዓት አለቀ፤ ያልተጠቀመችበትም ጥቅል አብሮ ጠፋ። እሑድ ሌሊት ዳታውን ሳትዘጋ በመተኛቷ፣ የቀረው 10 ብር ከዋናው ሂሳቧ እየተቀነሰ አለቀ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መምህሯ፣ ለፈተና ምዝገባ የሚያስፈልገው የልደት ማስረጃ እስከ ረቡዕ እንዲቀርብ አስታወቁ። ማስረጃው ያለው በወላጆቿ ቤት ነው። በአንድ ሰዓት ስልኳን ስታነሣ ቀሪ ሂሳቧ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ሲም ካርዷ ገና አዲስ ስለ ነበረ የአየር ሰዓት ብድር አልተፈቀደላትም። «መልሰው ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት ላከች፤ የአባቷም ስልክ ሂሳብ አልነበረውም። ከጎረቤት ስልክ ተውሳ ስትደውል አባቷ ከኮረብታው ወርደው ነበር። ማክሰኞ ማለዳ ተነሥታ የግማሽ ቀኑን መንገድ በእግሯ ሄደች፤ ረቡዕ ማስረጃውን ይዛ ደረሰች። ምዝገባው አላመለጣትም፤ የሁለት ቀን ትምህርት ግን አመለጣት።

የዚህች ተማሪ ጉድለት ገንዘብ ማባከኗ ብቻ አልነበረም፤ ከመግዛቷ በፊት መጠየቅ የሚገባትን አለመጠየቋ ነበር። አስተዋይ ገዢ ቢያንስ አራት ነገሮችን ይመረምራል። አንደኛ፣ ሽፋኑን፤ በምኖርበትና ቤተሰቤ በሚኖርበት ስፍራ የየትኛው አቅራቢ ኔትዎርክ በደንብ ይሠራል? ሁለተኛ፣ ፍላጎቱን፤ ይበልጥ የምጠቀመው በጥሪ ነው፣ በአጭር መልእክት ነው ወይስ በኢንተርኔት? የምደውልላቸውስ ሰዎች በዚያው አቅራቢ ይጠቀማሉ ወይስ በሌላው? ሦስተኛ፣ የጥቅሉን ዘመን፤ የሚያገለግለው ለአንድ ቀን፣ ለሳምንት ወይስ ለወር ነው? አራተኛ፣ ፍጻሜውን፤ ጥቅሉ ሲያልቅ አገልግሎቱ ይቆማል ወይስ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ ይጀምራል?

ከነዚህ በኋላ ስሌት ይከተላል። የሚከተሉት አኀዞች ለትምህርት የተሰጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የቀን ጥቅል በ5 ብር 100 ሜጋባይት፣ የሳምንት ጥቅል በ30 ብር 750 ሜጋባይት፣ የወር ጥቅል በ90 ብር 3000 ሜጋባይት ይሰጣሉ እንበል። የአንዱ ሜጋባይት ዋጋ በቅደም ተከተል 5፣ 4 እና 3 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ የወሩ ጥቅል ከሁሉ የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ተማሪ በወር ውስጥ በስድስት ቀን ብቻ፣ በቀን 100 ሜጋባይት የሚጠቀም ከሆነ፣ የሚያስፈልገው 600 ሜጋባይት ነው። የቀኑን ጥቅል ስድስት ጊዜ ቢገዛ 30 ብር ያወጣል። የወሩን ቢገዛ 90 ብር ያወጣል፤ ለተጠቀመበት ለእያንዳንዱ ሜጋባይትም 15 ሳንቲም ከፈለ ማለት ነው። እንግዲህ ዋጋ መካፈል ያለበት ለተሰጠን መጠን ሳይሆን ለምንጠቀምበት መጠን ነው።

ቅድመ ክፍያ ሁለት ልማዶችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ቀሪ ሂሳብን አዘውትሮ ማየት ነው፤ በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *804# ላይ ደውሎ ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛው ለአስቸኳይ ጥሪ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥና ዳታን በማይጠቀሙበት ጊዜ መዝጋት ነው። የአየር ሰዓት ብድር ለክፉ ቀን ይጠቅማል፤ ሆኖም የአገልግሎት ክፍያ ስላለበትና በሚቀጥለው ጊዜ ከምንሞላው ላይ ስለሚቆረጥ፣ ልማድ ሲሆን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

ውል የሌለበት ስልክ ትልቁ ጥቅሙ፣ ያልተስማማንን ጥቅል በሚቀጥለው ሳምንት ለመተው መቻላችን ነው። ተማሪዋም ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ ለሰኞ ማታ ጥሪ የሚበቃውን ታስቀምጣለች፤ ጥቅል የምትገዛው በተረፈው ነው። አባቷም ኮረብታውን በከንቱ አይወጡም።

ሐ. የንባብ ግንዛቤ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።
1. ድኅረ ክፍያና ቅድመ ክፍያ በምን ይለያያሉ?
2. ተማሪዋ 50 ብሯን ያጣችው በየትኞቹ ሁለት ምክንያቶች ነው?
3. ከአራቱ መመርመሪያዎች መካከል ተማሪዋ የዘነጋቻቸው የትኞቹ ናቸው? ከታሪኩ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።
4. በስሌቱ ውስጥ ያለው ተማሪ በወር 2400 ሜጋባይት የሚጠቀም ቢሆን የትኛው ጥቅል ይሻለዋል? አሠራሩን አሳዩ።

መ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ከገቡበት አገባብ ተነሥታችሁ ፍቱ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
1. ስንቅ 2. ጥቅል 3. ቀሪ ሂሳብ 4. ሽፋን 5. በከንቱ

ሠ. የጽሕፈት መልመጃ

የአንድ ሳምንት የስልክ ወጪያችሁን ወይም የቤተሰባችሁን መዝግቡ። ከዚያም ከሁለት አንቀጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ገንዘቡ በምን እንደ ዋለ ግለጹ፤ በሁለተኛው አንቀጽ የትኛውን ጥቅል መምረጥ እንደሚሻል ከነምክንያቱ አስረዱ።