ዓሣ የተሞላ እንቁላል

እንቁላል መቀቀል ለማናችንም አዲስ አይደለም። ዶሮ ወጥ የሠራ ሁሉ እንቁላሉን ቀቅሎ፣ ልጦ፣ ቁሌቱ እንዲገባበት ጎኑን በቢላዋ ጫር ጫር አድርጎ ወጡ ውስጥ ይጨምረዋል። ዓሣም ቢሆን በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በወሎም በሐይቅ ዳርቻ ለሚኖር ሰው የቆየ ምግብ ነው። በዚህ ምንባብ የምንማረው ሁለቱን አንድ ላይ ማዘጋጀትን ነው። እንቁላሉ ተቀቅሎ ለሁለት ይከፈላል። አስኳሉ ወጥቶ ከተቀቀለ ዓሣ ጋር ይታሻል። ከዚያም ተመልሶ በነጩ ጎድጓዳ ውስጥ ይሞላል። በግብዣ ቀን ዋናው ማዕድ እስኪደርስ ለእንግዳ የሚቀርብ ቅምሻ ነው።

«እንጀራና ወጥ እያለን ይህ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

በወሎ ገጠር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በአንድ ወንፈል ያርሳሉ፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ሰው ሲሞት በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። በጋብቻ የተሳሰሩትም ብዙ ናቸው። ግብዣ ሲሆን ግን ማዕዱ ይለያል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያኑ አይበላም። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን የጠራ ደጋሽ ሁለት በግ ያርዳል፤ ሁለት ቦታ እሳት ያነዳል፤ እንግዳውንም ሁለት ቦታ ያስቀምጣል። ይህ ተከባብረው የኖሩበት ሥርዓት ነውና አንነቅፈውም። ማንም ሃይማኖቱን ይተው ለማለትም አልተነሣንም። ታዲያ አንድ በግ እንኳ በስንት መከራ የሚገዛው ድኻ ምን ያድርግ? ወይ አንዱን ወገን ብቻ ይጠራል፤ ወይ ሁለቱንም ጠርቶ፣ አንዱ ሥጋ ሲበላ ለሌላው ዳቦ ብቻ አቅርቦ ሲያፍር ይውላል። አብረው ያረሱ ሰዎች በድግሱ ቀን እንዲህ ሲለያዩ በየሠፈሩ አይተናል። ደስ የሚል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ልብ እንበል። ማዕዱን የሚለየው የታረደው ሥጋ ነው። እንቁላል አይታረድም። ዓሣም አይታረድም፤ ከውሃ ሲወጣ ይሞታል። ስለዚህ ዓሣ የተሞላ እንቁላል በአንድ ትሪ ሆኖ ለሁለቱም ወገን ሊቀርብ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው በሦስት ነገር ነው። ድስቱና ቢላዋው ሥጋ ያልነካው ይሁን፤ በአንዳንድ ቤት በዚህ ምክንያት ቅር የሚለው እንግዳ አለ። ዓሣው ቅርፊት ያለው ይሁን። አምባዛ ቅርፊት የለውምና ብዙ ክርስቲያኖች አይበሉትም፤ ቆሮሶ ግን ለሁሉም ይሆናል። ቀኑም በምክክር ይመረጥ። እንቁላል የፍስክ ምግብ ነው፤ በረቡዕና በዓርብ፣ በዓቢይ ጾምም አይቀርብም። የረመዳን ጾም ከሆነ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠበቃል። መጠጡ ብርዝ ወይም ቡና ቢሆን ማንንም አያስቸግርም።

እንቁላል መሙላት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ13ኛው መቶ ዓመት፣ የእስፓኝ ደቡብ በሙስሊሞች እጅ ሳለ፣ በዚያ አገር በዐረብኛ የተጻፈ የባልትና መጽሐፍ አሠራሩን ያስተምራል። የተቀቀለው እንቁላል በክር ይከፈላል፤ አስኳሉ ከድንብላል፣ ከሽንኩርት ጭማቂ፣ ከቁንዶ በርበሬና ከዘይት ጋር ታሽቶ ይሞላል፤ ሁለቱ ግማሾች ተገጥመው በቀጭን እንጨት ይያያዛሉ። በክር መክፈል ያልነው ለእኛም ይጠቅማልና አትርሱት።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ደግሞ በርበሬ የበዛበትን ምግብ «የሰይጣን» ማለት የተለመደ ነው። ይህም እንቁላል «የሰይጣን እንቁላል» ይባላል። በአሜሪካ ስሙን የጠሉ ሰዎች «የተሞላ እንቁላል» ይሉታል። እኛም የመረጥነው ይህንኑ ነው። ሚጥሚጣ ባቃጠለን ቁጥር ሰይጣን ብንጠራ መቼ ያባራ ነበር! ባሕር ያላቸው አሜሪካውያን የሚሞሉት ሸርጣንና ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። እኛ ባሕር የለንም፤ ቢኖረንም ሁለቱ ቅርፊትና ክንፍ ስለሌላቸው ብዙ ክርስቲያን አይነካቸውም። የሐይቅ ዓሣ ይሻለናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለ20 ሰው 10 እንቁላል ይበቃል። ለአንድ ቤት 10 እንቁላል ቀላል ነገር አይደለም። ያገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ያህል ነው። በአንድ ወቅት የምትጥለው 12 ወይም 15 ቢሆን ነው፤ ያም ካለቀ የሚታቀፍ እንቁላል የለም፤ ጫጩትም የለም። በዚያ ላይ ጨውና ጋዝ የሚገዛው በእንቁላል ነው። ስለዚህ ከየቤቱ ሁለት ሁለት እንቁላል ማዋጣት የተሻለ ነው። ሁሉም የሚበላው ስለሆነ ሁሉም ሊያዋጣ ይችላል።

የተዋጣ እንቁላል ግን ዕድሜው አይታወቅም። አንዱ የትናንት፣ አንዱ የወር ይሆናል። ለመለየት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ውሃ ሞልቶ እንቁላሉን አንድ በአንድ መጨመር ነው። በጎኑ ተጋድሞ ከሥር የሚቀመጠው አዲስ ነው። ቂጡን ወደ ላይ አድርጎ ከሥር የሚቆመው ሰንበት ያለ ነው፤ ይበላል። ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ይጣል። ምክንያቱ ይህ ነው። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይታዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። በነዚህ በኩል የውስጡ ውሃ ቀስ በቀስ ይተናል፤ በቦታው አየር ይገባል። አየሩ በወፍራሙ ጫፍ ይጠራቀምና እንቁላሉን ያቀለዋል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሳምንት ያህል የቆየው ነው። የትናንቱ እንቁላል ሲላጥ ነጩን እየቦጨቀ ስለሚወጣ ለእንግዳ አይሆንም፤ ለልጆች ይቀቀል። ኩስ ያለበትን ቅርፊት ሳይቀቀል በፊት ማጠብ፣ እጅንም ወዲያው በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ሆድ የሚያሳምመው ተሐዋስያን የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

እንቁላሉ በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዳል። ውሃው ሲፈላ ሰዓት መቁጠር ይጀመራል። ምን ያህል? እዚህ ላይ የደጋና የቆላ ነገር ይመጣል። ውሃ በሁሉም አገር እኩል ሞቆ አይፈላም። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በላዩ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ፣ ውሃው ሳይሞቅ ቶሎ ይፈላል። በደሴ በ92 ዲግሪ ያህል፣ በሐይቅ በ94 ያህል ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለውም በከፊል በዚህ ነው። ስለዚህ በቆላ 12 ደቂቃ የሚበቃው እንቁላል በደጋ 15 ይፈልጋል። ሰዓት የሌለው ሰው ከ1 እስከ 60 ረጋ ብሎ ይቁጠር፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል። ስድሳ በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር ማስቀመጥ ነው። አሥራ አምስተኛው ጠጠር ሲቀመጥ ድስቱ ይውረድ። እንቁላሉ ከመጠን በላይ ከፈላ አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ይሆናል። አይጎዳም፤ መልኩ ግን ያስጠላል።

ትኩሱ እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል። ውሃው ቀደም ብሎ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ትኩስ እንቁላል ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም በነዚያ ቀዳዳዎች ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። የወንዝ ውሃ ከሆነ የወንዙን ቆሻሻ ይዞ ይገባል። እንዲህ የተበከለ እንቁላል ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ሰው የሚተኛው በማግሥቱ ነው።

ዓሣው በድግሱ ዕለት ማለዳ ይገዛ። ዓይኑ የጠራና ጉብ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ዓይኑ የጎደጎደውንና ስንጥቡ የጠቆረውን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ለ10 እንቁላል ግማሽ ኪሎ የሚሆን አንድ ቆሮሶ ይበቃል። ጥቂት ውሃ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተጨምሮበት ሥጋው ነጭ እስኪሆንና ከአጥንቱ እስኪለቅ ይቀቀላል። ከዚያ እሾሁን መልቀም ነው። ይህን ሥራ ለቸኮለ ሰው አትስጡ። ሥጋው በጣት እየተዳሰሰ፣ እየተፈረፈረ፣ ሁለት ጊዜ ይለቀም፤ ሁለተኛው ለቃሚ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ዓሣ ያልለመደ ደገኛ እንግዳ እያወራ ይጎርሳል፤ እሾህ ጉሮሮው ላይ ከተሰካ ግብዣው ያኔ አበቃ። ዓይኑ የሚያይለት ወንድ ካለ ይልቀም፤ ማድቤት መግባት ማንንም አያሳንስም።

ድብልቁ አያስቸግርም። እንቁላሉ ተልጦ በርዝመቱ ይከፈላል። ቢላዋ አስኳሉን ይዞ ስለሚጎትት በታጠበ የጥጥ ክር ቢከፈል ያምራል፤ ክሩን በመሐሉ አዙሮ ሳብ ማድረግ ነው። አስኳሉ በማንኪያ ወጥቶ በሹካ ይደቆሳል። የተፈረፈረው ዓሣ፣ በደቃቁ የተከተፈ አንድ ትንሽ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬው የወጣ ቃሪያ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ጨው ይጨመርበታል። ማያያዣው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ነው። በደጋ ቅቤው ይረጋና ድብልቁን ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። በቆላ ግን ቀልጦ ትሪው ላይ ይፈስሳል፤ እዚያ አይብ ቢታሽበት ይሻላል። በከተማ ማዮኔዝ የሚባለውን ያደርጉበታል። ማዮኔዝ በቤት ሲሠራ ጥሬ አስኳል በዘይት ተመትቶ ነው። ጥሬ እንቁላል በሙቀት ማቆየት አደገኛ ስለሆነ ለገጠር ድግስ አንመክረውም። በመጨረሻ ድብልቁ በየግማሹ ነጭ ውስጥ ጉብ ተደርጎ ይሞላል፤ ሚጥሚጣ ነስነስ ይደረግበታል። ለልጆች የተለየው ሚጥሚጣ አያስፈልገውም። ዓሣም እንቁላልም ገንቢ ምግብ ስለሆኑ፣ ትሪው ወደ ሽማግሌዎች ከመሄዱ በፊት የልጆቹና የነፍሰ ጡሯ ድርሻ ቢነሣ መልካም ነው። ሽማግሌዎቹ አይቀየሙም።

ማቅረቢያው ሰዓት ከሁሉ ይበልጣል። የተሞላ እንቁላል ማቀዝቀዣ በሌለበት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም። ዓሣና እንቁላል ሁለቱም ቶሎ የሚበላሹ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይብሳሉ። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ቢታመም ብቻውን አይታመምም። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ ያስቀመጠ ትሪ ሁለቱንም አንድ ላይ ካስተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይቀርበዋል? ስለዚህ እንግዳው ሳይመጣ አይሞላ። ነጩ ለብቻ፣ ድብልቁ ለብቻ ተከድኖ በጥላ ይቀመጥ፤ ድብልቁም የሚታሸው በመጨረሻ ነው። ድግሱ ሩቅ ከሆነ እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ይወሰድና እዚያ ይላጥ፤ ዓሣውም እዚያው ይቀቀል። ዝንብ እንዳያርፍበት በንጹሕ ነጠላ ይሸፈን። የተረፈ ካለ ለነገ ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ቢያሳዝንም ለውሻ ይሰጥ።

መልመጃ

አንድ ገበሬ ለቅሬው አባሎች ግብዣ 36 ሰው ጠራ። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ እንቁላል ቢደርሰው ስንት እንቁላል ያስፈልጋል? 9 ቤቶች እኩል ቢያዋጡ ከየቤቱ ስንት ይመጣል? ከመጣው ውስጥ 3ቱ ውሃ ላይ ቢንሳፈፉ ለስንት ሰው ይጎድላል? እንቁላሉ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተሞልቶ ቢቀርብ፣ እስከ ስንት ሰዓት ተበልቶ ማለቅ አለበት? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከጎረቤታችሁም መልስ ጋር አስተያዩት።