የቀበናን ውሃ ከመነሻው ለማየት

አዲስ አበባ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው የከተማውን ወንዞች በስማቸው ይጠራል። ቀበና፣ ቀጨኔ፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ ይላል። ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱ ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው ዝም ነው። ለእኛ ወንዝ ማለት አፍንጫን ይዘው በድልድይ የሚያልፉት፣ የቤት ጥራጊና የፍሳሽ ማራገፊያ ሆኖ ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት የወንዞቹን ዳርቻ መለወጥ ጀምሯል፤ እሰየው ነው። ውሃው ራሱ የሚጠራው ግን እያንዳንዱ ቤት ወደ ወንዙ የሚለቀውን ሲያቆም ነው፤ ይህን ለመረዳት ደግሞ ውሃውን ሳይቆሽሽ በፊት ማየት ይጠቅማል።

ለዚህ የሚሆን መምህር ከሽሮ ሜዳ በላይ ቆሞልናል። ደመወዝ አይጠይቅም። እንጦጦን ማለቴ ነው።

ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን እንጦጦን በእግራችን የወጣነው? እሑድ ሲመጣ ሠርግና ለቅሶ ይኖራል፤ እሱስ ሐቅ ነው። የቀረውን ጊዜ ግን ከዙህር እስከ መግሪብ ጫት ከበን እየተቀመጥን ጨጓራና ስኳር በሽታ ከየት መጣብን ብለን እናማርራለን። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በመኪና ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቡና ጠጥቶ የሚመለሰው በርክቷል። ይህንንም አልነቅፍም፤ ነገር ግን በመኪና የወጣ ሰው ተራራውን አየሁ ቢል እኔ በበኩሌ አላምነውም። ቁርኣን በተለያዩ ምዕራፎች ሰዎች በምድር ላይ እየተጓዙ እንዲያስተውሉ ያዛል፤ ማስተዋል ደግሞ ዝግ ማለትን ይሻል።

እኔና ጓደኞቼ የምንወጣው ከስድስት ኪሎ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ደርሰን፣ ከዚያ በእግር ነው። ዝግ ብሎ ለሚራመድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ትንፋሽ ያጥራል፤ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይነሣ። መጀመሪያ የሚቀበለን ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ማገዶና የቤት ማገር ላጣችው አዲስ ከተማ የደረሰላት እሱ ነው። ውለታው አይካድም። ከሥሩ ግን ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም፤ ውሃም በብዛት ይጠጣል። ጥድና ኮሶ ወዳለበት ቦታ ሲደርሱ መሬቱ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሶ፣ አፈሩም ርሶ ይገኛል። ልዩነቱን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ አፈሩን መዳሰስ ይበቃል።

ከሸንተረሩ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር አለ። እንጦጦ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በሰሜን በኩል፣ በሱሉልታ አቅጣጫ የወረደ የዝናብ ጠብታ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ገብቶ ኻርቱምንና ካይሮን አልፎ ይሄዳል። ከዚያው ከአንዱ ደመና ጥቂት እርምጃ ወደ ደቡብ የወደቀው ጠብታ ግን ወደ ቀበናና ወደ ቀጨኔ ይወርዳል። ከተማውን አቋርጦ አቃቂ ይገባል፤ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽም የከረዩንና የአፋርን አገር አልፎ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። ሱብሓነላህ! ባሕር የማይደርስ ወንዝ የተሸከመውን ወዴት ይጥላል? እኛ ቀበና ላይ የምንለቀውን ፍሳሽ በአዋሽ ዳር ከብቱን የሚያጠጣ ወንድማችን ይጠብቀዋል ማለት ነው። ለእኛም ቢሆን አይቀርልንም፤ በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ገበያችን ነው።

በመንገዱ ላይ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ እናቶችን ማግኘታችሁ አይቀርም። አንድ ጊዜ ዳር ይዤ አንዲትን እናት ሳሳልፍ «ልጄ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው የወጣችሁት?» አሉኝ። ለመራመድ ነው ስላቸው ሳቁና «ደልቷችሁ!» ብለው አለፉ። እውነታቸውን ነው። ለእኛ መዝናኛ የሆነው ዳገት ለእሳቸው የዕለት እንጀራ ነው። ሸክም ይዞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ቆም ማለት ስለማይችል መንገዱን መልቀቅ ያለብን እኛ ነን። ያለፈቃዳቸውም ፎቶ አታንሷቸው።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ጉዳይ አለ፦ እዚያ ሶላት ማሳጠር ይቻላል ወይ? አብዛኞቹ ዑለማእ ለማሳጠር የሚያበቃውን ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያደርሱታል፤ እንጦጦ ከዚያ እጅግ ይቀርባል። ስለዚህ ዙህር ሙሉ አራት ረከዓ ነው። ንጹሕ መሬት ሁሉ ለሶላት ይሆናልና ቦታ አይቸግርም። በውሃ መቅጃ፣ በሰው መተላለፊያና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳት በሐዲስ የተወገዘ መሆኑንም ተጓዥ ይወቅ። ከምንጩ በታች ሰዎች ይቀዳሉ።

የሚመቸው ወቅት ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ መስከረምና ጥቅምት ነው። በሐምሌ ጭቃው ያንሸራትታል። ሱብሒ ሰግዶ፣ ፀሐይ እንደወጣች መነሣት ይበጃል፤ በዚያ ሰዓት ሯጮች ስለሚበዙ መንገዱ ጭር አይልም። ብቻችሁን አትውጡ፤ አመሻሹ ላይ ጅብ ስላለ ከዐስር በፊት ውረዱ። ተምር፣ ቆሎና ውሃ ይበቃል። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ከከተማው በስተምዕራብ ወደሚገኘው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ቢሄድ የጥንቱን ጥድና ዝግባ፣ ዕድል ከቀናውም ጉሬዛ ያያል፤ ለዚያ ግን መኪና ያስፈልጋል።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከላይ ከጅረቱ በጠርሙስ ትንሽ ውሃ ቅዱላቸው። በመልሱ ቀበና ድልድይ ላይ ቆማችሁ ከታች ከሚሄደው ጋር አስተያዩት። ጠርሙሱን ግን እዚያው እንዳይጥሉት አደራ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።