ኬታሚን የታከለበት የሥነ ልቦና ሕክምና፦ የታካሚ፣ የሐኪምና የአማካሪ የጋራ ሥራ

መግቢያ

ኬታሚን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያገለግል የኖረ ማደንዘዣ ነው። ለማደንዘዣነት ከሚሰጠው ባነሰ መጠን ሲሰጥ ግን ለተለመዱት መድኃኒቶች ምላሽ ያልሰጠ ጽኑ ድባቴን በሰዓታት ውስጥ ሊያቀል እንደሚችል በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። የተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶች ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት የሚፈጁ በመሆናቸው፣ ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው ይህ የጊዜ ልዩነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ በተሰጠ መድኃኒት የተገኘ እፎይታ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ምን መሠራት አለበት የሚለው ነው። ኬታሚን የታከለበት የሥነ ልቦና ሕክምና ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነው። ይህ ጽሑፍ የዘዴውን አመጣጥ፣ አሠራርና ማስረጃ በመመርመር፣ የባለሙያዎችና የታካሚው ትብብር ለሕክምናው ደኅንነት መሠረት መሆኑን፣ ለውጤቱ ዘላቂነት ያለው ድርሻ ግን ገና በከፊል ብቻ የተረጋገጠ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ታሪካዊ ዳራ

ኬታሚንን እ.ኤ.አ. በ1962 ያዘጋጁት በዲትሮይት ከተማ ለፓርክ ዴቪስ የመድኃኒት ኩባንያ በአማካሪነት ይሠሩ የነበሩት ኬሚስት ካልቪን ስቲቨንስ ናቸው። በ1964 ኤድዋርድ ዶሚኖና ጉንተር ኮርሰን በሚሺጋን ግዛት ለፈቃደኛ እስረኞች በመስጠት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከሩት። በ1970 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጸደቀ። በተለመደው መጠን ሲሰጥ አተነፋፈስን እምብዛም የማያዳክምና የደም ግፊትን የማይጥል በመሆኑ የመተንፈሻ መሣሪያ በማይገኝበት ስፍራ ሁሉ ተመራጭ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያካተተው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም የማደንዘዣ ባለሙያዎች ከሚያውቋቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ከማደንዘዣው የሚነቁ ሕሙማን ከአካላቸው እንደተለዩ፣ እንግዳ ሕልም እንዳዩ ይናገሩ ነበር። ለማደንዘዣ ባለሙያው ይህ መወገድ ያለበት የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በሌኒንግራድ ከተማ ግን ዬቭጌኒ ክሩፒትስኪ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከ1985 ጀምሮ ይህንኑ ገጠመኝ የአልኮል ሱሰኞችን ለማከም ተጠቀሙበት። ታካሚው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ስለ ሕይወቱና ስለ ሱሱ ይወያያል፤ መድኃኒቱን ሲወስድ ሐኪሙ ከአጠገቡ አይለይም፤ በኋላም ያየውንና የተሰማውን አብረው ይመረምራሉ። በ1997 በታተመው ዘገባ መሠረት በዚህ መንገድ ከታከሙት መካከል 65.8 በመቶ የሚሆኑት ለአንድ ዓመት ከመጠጥ ሲታቀቡ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የታቀቡት 24 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታካሚዎቹ በዕጣ ያልተመደቡ በመሆናቸው ግን ልዩነቱን ሁሉ ለሕክምናው መስጠት አይቻልም።

በአሜሪካ የተጀመረው ሁለተኛው የምርምር መስመር ከሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ2000 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰባት ታካሚዎች ላይ ያደረጉትን አነስተኛ ጥናት አሳተሙ። በ2006 ካርሎስ ዛራቴና ባልደረቦቻቸው በብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ያካሄዱት ጥናት ተከተለ። በዚህ ጥናት ኬታሚን ከወሰዱት 17 ታካሚዎች 71 በመቶው በማግስቱ ጉልህ መሻሻል አሳዩ፤ መሻሻሉ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የቆየላቸው ግን 35 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ የመድኃኒቱን ኃይልም ገደቡንም ያስረዳሉ።

የአሠራሩ ሒደት

ኬታሚን በአንጎል ውስጥ ኤንኤምዲኤ የተባለውን የግሉታሜት ተቀባይ ይገታል። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከመድኃኒቱ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ በፊተኛው የአንጎል ክፍል አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት መገናኛዎች እንደሚፈጠሩ አመልክተዋል። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ተመራማሪዎች ከመድኃኒቱ በኋላ ያሉት ቀናት አንጎል አዲስ ነገር ለመማር ይበልጥ የሚዘጋጅባቸው ናቸው የሚል መላምት አቅርበዋል። የሥነ ልቦና ሕክምናው በዚህ ወቅት እንዲሰጥ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕክምናው በአብዛኛው ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ዝግጅት ነው። ሐኪሙ የደም ግፊትን፣ የልብን ሁኔታ፣ እርግዝናንና ከዚህ በፊት የታየ የሥነ አእምሮ መቃወስን ይመረምራል። አማካሪው የታካሚውን ታሪክ ያደምጣል። ታካሚውም ከሕክምናው የሚሻውንና የሚፈራውን ይናገራል። በጭንቅ ጊዜ እጁ ቢያዝ ይፈቅድ እንደሆነ የመሰለው ዝርዝር ጉዳይ ሳይቀር በዚሁ ደረጃ ስምምነት ሊደረግበት ይገባል። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ታካሚው አመዛዝኖ ፈቃድ ለመስጠት ስለሚቸገር፣ አስቀድሞ ያልተፈቀደ ነገር በዚያ ሰዓት እንደተፈቀደ ሊቆጠር አይገባም።

ሁለተኛው መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍለ ጊዜ ነው። ለድባቴ በተደረጉት ጥናቶች የተለመደው አሰጣጥ በአንድ ኪሎግራም የሰውነት ክብደት 0.5 ሚሊግራም ሆኖ በ40 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ቀስ እያለ የሚገባ ነው። በጡንቻ ወይም ከምላስ ሥር የሚሰጡም አሉ። የደም ግፊት በየጊዜው ይለካል፤ አማካሪው ብዙ አይናገርም፤ መገኘቱ ይበቃል።

ሦስተኛው የታየውንና የተሰማውን ከዕለት ኑሮ ጋር ማዛመድ ነው። ለአብነት ያህል፣ ልጇን በሞት ያጣችና ስሙን ለመጥራት እንኳ አቅም ያጣች እናት በክፍለ ጊዜው እንዳነጋገረችው ልትናገር ትችላለች። አማካሪው የራሱን ፍቺ አይጭንባትም። ስለ ልጇ አሁን ምን ማለት እንደምትችል፣ ለማን ልትነግረው እንደምትሻና በሚመጣው ሳምንት ምን ልታደርግ እንዳሰበች ይጠይቃታል። ልምዱ ወደ ተግባር ካልተመለሰ እንደ ማንኛውም ሕልም ሊረሳ ይችላል።

ማስረጃውና ገደቡ

መድኃኒቱና ምክክሩ ያላቸውን ድርሻ ለመለየት የተደረጉ ጥናቶች ጥቂት ናቸው። በ2002 እነክሩፒትስኪ ባሳተሙት ጥናት 70 የሄሮይን ሱሰኞች በዕጣ ተመድበው አንድ ዓይነት የሥነ ልቦና ሕክምና ሲያገኙ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬታሚን የተሰጣቸው እጅግ አነስተኛ መጠን ከተሰጣቸው ይልቅ ከሱሳቸው የተሻለ ታቅበዋል። ስለዚህ ምክክሩ ብቻውን ውጤቱን አላመጣም። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መሪነት ተካሂዶ በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ 96 የአልኮል ሱሰኞችን በአራት ቡድን ከፈለ። በስድስት ወር ክትትል ኬታሚን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ከመጠጥ የታቀቡባቸው ቀናት በዝተዋል፤ ሰፊው ልዩነት የታየውም ኬታሚንና የሥነ ልቦና ሕክምና በአንድነት ባገኙት እና ሁለቱንም ባላገኙት መካከል ነው። ሆኖም ወደ መጠጥ በማገርሸት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ የምክክሩ ድርሻም ለብቻው ተነጥሎ አልተረጋገጠም።

ሌላው ችግር የታካሚው ተስፋ ነው። የኬታሚን ስሜት ግልጽ በመሆኑ ታካሚው መድኃኒቱን ወይም ማስመሰያውን መውሰዱን በቀላሉ ይለያል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 ባሳተሙት ጥናት ድባቴ ላለባቸው 40 ሰዎች ለቀዶ ሕክምና በተደነዘዙበት ሰዓት ኬታሚን ወይም ማስመሰያ ሰጥተዋል። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም። ይህ ውጤት ሁለት ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። በአንድ በኩል የመድኃኒቱ ዝና የተጋነነ መሆኑን ይጠቁማል፤ በሌላ በኩል በንቃት የሚገኘው ልምድ፣ ተስፋውና የባለሙያው እንክብካቤ ራሳቸው የፈውሱ አካል ሊሆኑ እንደሚችሉ ያመለክታል።

ሥጋቶቹም ቀላል አይደሉም። ኬታሚን የደም ግፊትን ይጨምራል፤ በተደጋጋሚና በብዛት ሲወሰድ ሱስ ሊያስይዝና የሽንት ፊኛን ሊጎዳ ይችላል። በ2019 በአሜሪካ የጸደቀው በአፍንጫ የሚነፋው ኤስኬታሚን በሕክምና ስፍራ ብቻ እንዲሰጥና ታካሚው ቢያንስ ለሁለት ሰዓት በክትትል እንዲቆይ ግዴታ የተጣለበት ስለዚህ ነው። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2023 ኬታሚንን ያለ ክትትል በቤት መውሰድ አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቋል። መድኃኒቱ ያለ ሰው ሲቀር የሚጎድለው ምክክሩ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ሲያጥር የሚያይ ዐይንም ይጎድላል።

ማጠቃለያ

እስካሁን የተገኘው ማስረጃ ኬታሚን ፈጣን እፎይታ ሊሰጥ እንደሚችል፣ እፎይታው ግን አጭር መሆኑን ያሳያል። ምክክሩ ያንን ጊዜ ያራዝመዋል የሚለው ሐሳብ ምክንያታዊ ቢሆንም፣ ሰፋ ባሉና ምክክሩን ለብቻው በሚመዝኑ ጥናቶች መፈተን ይኖርበታል። ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ኬታሚን በሆስፒታሎቻችን የማደንዘዣ ክፍሎች የሚታወቅና ዋጋውም ከብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች ያነሰ ሲሆን፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የሠለጠኑ አማካሪዎች ቁጥር ግን ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ዘዴውን ለመጠቀም የሚያስብ ማንኛውም ተቋም ከመድኃኒቱ አቅርቦት አስቀድሞ ታካሚውን የሚያዘጋጅ፣ በሰዓቱ ከጎኑ የሚቆምና በማግስቱ የሚያደምጠው ባለሙያ መኖሩን ሊያረጋግጥ ይገባል።