አባቴ ጎንደር ይላል፣ እናቴ ሐረር

«ውድ እትዬ፣ የ18 ዓመት ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ፤ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ይህ ሐሳብ ያደረብኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከወሎ አዲስ የመጣች ጎረቤታችን ምጥ ያዛት፤ እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች አብሬያት ሆስፒታል ሄድኩ። ከአማርኛ ሌላ አታውቅም ነበርና ሕመሟን ለነርሷ በሱማሌኛ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምንሞላበት ጊዜ ደርሶ ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። አባቴ የጎንደር ሰው ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። “ሐኪም የሚወጣው ከጎንደር ነው” ብሎ ድርቅ ብሏል። እናቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ “ሐረማያ ግቢ፣ ለእህቴ ትቀርቢያለሽ” ትላለች። አንዱን ብሰማ ሌላውን የገፋሁ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት፣ ከጅቡቲ»

ልጄ፣ ከአባትሽ ልጀምር። እውነት አላቸው። ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ወባ ደምቢያ ገብታ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅታ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ዶክተር ማሠልጠን ሲጀምር ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከላይፕዚግ የመጡ መምህራን አብረውት ቆሙ። አባትሽ «ጎንደር» ሲሉ የአገራቸውን ስም ብቻ እየጠሩ አይደለም። ያገራቸው ሰው በወባ ሲረግፍ፣ እዚያው መሐል የተተከለ ትምህርት ቤት ነው የሚታያቸው። ኩራታቸውን አትንኪባቸው።

ሐረማያም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያው ከ1954 ነው፤ ያኔ ግን የእርሻ ኮሌጅ ነበር። ሕክምና የጀመረው በጣም ዘግይቶ ነው። የጤና ኮሌጁም ያለው በዋናው ግቢ ሳይሆን ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ሆስፒታል ሕይወት ፋና ይባላል። በዕድሜ ከሆነ እንግዲህ አባትሽ ረቱ።

ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመትም የሚያሳስብሽ ከሆነ፣ በእሱ በኩል የሚያስጨንቅ ልዩነት የለም። ፍሬሽማን የትም ፍሬሽማን ነው። ጎንደርም ብትገቢ ሐረማያም ያው ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ሳይኮሎጂና እንግሊዝኛ ነው የሚጠብቅሽ፤ ኮርሱ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው። ከዚህ ይልቅ አንድ ነገር ልብ በይ። ዩኒቨርሲቲ መግባትና ሜዲስን መግባት የተለያዩ ናቸው። ሜዲስን የሚገባው የመግቢያ ፈተናውና የፍሬሽማን ውጤቱ ታይቶ፣ ተወዳድሮ ነው። «እረፍት ላድርግና በሁለተኛው ሴሚስተር እጠናከራለሁ» ያለ ስንት ጎበዝ ልጅ ሌላ ዲፓርትመንት ተመድቦ አልቅሷል። ስለዚህ በዚያ ዓመት የሚያስፈልግሽ ተረጋግተሽ የምታጠኚበት ቦታ ነው። ሲከፋሽ ቅዳሜ ሄደሽ የምትበዪበት የአክስት ቤት ቀላል ነገር አይምሰልሽ።

ዋናው ልዩነት የሚመጣው ነጭ ጋውን ለብሰሽ ዋርድ ስትገቢ ነው። አንድ ጊዜ እናቴን ሆስፒታል ሳስታምም ጎናችን የተኙ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ከኦሮምኛ ሌላ አይናገሩም። ወጣቱ ሐኪም ሂስትሪ ሊወስድ መጣና ቋንቋው ስለቸገረው ከበር ላይ ጥበቃውን አስጠራ። ባልቴቷ ብዙ ተናገሩ። እጃቸው ከጡታቸው ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻቸው መለስ፣ እንደገና ወደ ጎናቸው ይሄድ ነበር። ሲጨርሱ ጥበቃው «ሆዷን ያማታል ነው የምትለው» አለ። ሐኪሙም ያንኑ ጻፈ። ውጋት ይሁን ቁርጠት፣ ያቃጥላቸው ይሁን ይጫናቸው፣ ሁሉም እዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጠፍቶ ቀረ።

አንቺ በዘጠኝ ዓመትሽ የሠራሽው ሥራ ይህ እንዳይሆን ነው። ሕይወት ፋና የሚመጣው በሽተኛ ኦሮምኛ፣ ሱማሌኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ይናገራል። ሱማሌኛውንና አማርኛውን ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ ኦሮምኛውን እዚያው ትለምጂዋለሽ። ጎንደር ላይ አማርኛሽ ይበቃሻል፤ ሱማሌኛሽ ግን ያለ ሥራ ይቀመጣል። ነገ ተመልሰሽ ጅቡቲ ላይ ለማከም ካሰብሽ ደግሞ በሱማሌኛ ስትጠይቂ፣ ስታዳምጪ የኖርሽባቸው ዓመታት ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። አባትሽ ከጎንደር የሚወዱት፣ ሐኪሙ ሕዝቡ መሐል መውረዱ፣ ሐረር ላይም አለ። የጎንደሩ ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ፣ የሐረማያው ቀርሳ ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት ይመዘግባሉ።

መንገዱን ሳላነሳ አላልፍም። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ተሳፍረሽ ድሬዳዋ ትወርጃለሽ፤ ከዚያ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ጎንደር ግን በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቀሰቀሰው ግጭት የየብሱን ጉዞ አስጨናቂ አድርጎታል። ጎንደር የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ይመረቃሉም። ለአንቺ ግን በየእረፍቱ ለሚደረግ ጉዞ እናትሽ ጸሎት ላይ እንዲያድሩ አልፈልግም።

ምክሬ ይኸው ነው፦ ሐረማያን አንደኛ፣ ጎንደርን ሁለተኛ አድርገሽ ሙዪ። ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የሞላሽው ሁሉ ላይደርስሽ ይችላል። ጎንደር ከደረሰሽ ደስ ብሎሽ ሂጂ፤ የአባትሽ ዘመዶች እዚያ አሉልሽ። ከመሄድሽ በፊት ግን ጅቡቲ ጤና ሚኒስቴር ጎራ ብለሽ የኢትዮጵያ የሕክምና ዲግሪ እንዴት እንደሚታወቅ በጽሑፍ ጠይቂ። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው በፈረንሳይኛ ነውና ነገ አብረሻቸው የምትሠሪው በዚያ ቋንቋ ከተማሩ ሐኪሞች ጋር ነው። ፈረንሳይኛሽን እንዳትጥይ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበችልዎ አንድ ነገር ልለምንዎ። ከጋላፊ እስከ አዋሽ ያለውን መንገድ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ቤቱ ያሉትን እንዴት እንደሚያሳስብም ያውቃሉ። ምርጫዋን ሲያዩ ጎንደርን የናቀች አይምሰልዎ፤ ደብዳቤዋ ውስጥ በፍርሃት የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው። ጥሪው ሲመጣ ናጋድ ላይ ተሰናብተዋት አይመለሱ። ሐረማያ ድረስ ይሂዱና ግቢው በር ላይ ሻንጣዋን እርስዎ ያውርዱላት።